ምርቃቱ ከዕቃው በለጠ

ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያዋን ሳታዩት አትቀሩም። ነጭ ናት። ከቡና ጀበና ትንሽ ከፍ ትላለች። አናቷ ላይ ሰማያዊ መብራት አላት። «ሻጋታን ከነዘሩ የምታጠፋ» ይላል ጽሑፉ። ስሟ ሚኒ ዲሁሚዲፋየር ነው፤ የአየር እርጥበት መጣጭ ማለት ነው። ሐምሌ 2017 ላይ 7,200 ብር አውጥቼ ገዛኋት። ሦስት ወር ሙሉ ሰካሁ፣ ነቀልኩ፣ ውሃዋን ደፋሁ። አሁን ግቢያችን ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ «እንዴት ናት? ልግዛ?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ሰው ደረጃ ሥር ቆሜ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ቤታችን ጀሞ ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ። ተከራዮች ነን። ግራውንድ የያዝነው ልጁ ትንሽ ስለነበረ ደረጃ ፈርተን ነው። የኋለኛው መኝታ ቤት ግድግዳ ከተቆረጠ አፈር ጋር ፊት ለፊት ተፋጧል። ፀሐይ አይቶ አያውቅም። በበጋ ምንም አይልም፤ እንዲያውም ቀዝቀዝ ይላል ብለን ወደነው ነበር። ሰኔ ግም ሲል ግን ሌላ ቤት ይሆናል። ቁም ሳጥኑን ስትከፍቱ የእርጥብ ጆንያ ሽታ ይቀበላችኋል። የባለቤቴ የሠርግ ሱፍ ኮሌታው ላይ ዱቄት የመሰለ ነገር አወጣ። ዓመት በዓል ብቻ የሚደረጉ ጫማዎች አረንጓዴ ሆኑ። ቁም ሳጥኑን ስበን ጀርባውን ስናይማ፣ ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ ጥቁር ነጠብጣብ ነው።

እኛ ሻጋታን የምናውቀው ከእንጀራ ነው። ሞሰቡ ሲከፈት አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ከታየች እናቴ ለልጅ ልጇ አታቀርብም። ግድግዳ ላይ ሲወጣ ግን «እርጥበት ነው፣ ክረምት ሲወጣ ይደርቃል» ተብሎ ይታለፋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሁለት ክረምት አልፌዋለሁ። በሦስተኛው ነው ልጄ ያስቆመኝ።

አምስት ዓመቱ ነው። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል። ቀን ደህና ይውላል፣ ይሮጣል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን ይጀምራል። ደረቱ ውስጥ ፉጨት ይሰማል። በአንድ ክሊኒክ ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ታዘዘለት። ጉንፋን ነው፣ ቶንሲል ነው፣ ሳይነስ ነው ተባልኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ሳይነስ ያልሆነ በሽታ ያለ አይመስለኝም። በመሃል ናዝሬት አያቱ ጋ አንድ ሳምንት ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሳሉ ጠፋ። ተመልሶ የመጀመሪያዋን ሌሊት እዚሁ እንዳደረ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ያው ፉጨት።

ሌላ የሕፃናት ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ሐኪሟ ደረቱን ካዳመጠች በኋላ መድኃኒት ከማዘዟ በፊት ጠየቀችኝ። «ሌሊት ይብስበታል? ሌላ ቤት ሲያድር ይሻለዋል?» አዎ አልኳት። «ግድግዳችሁ ላይ ጥቁር ነገር አለ?» ስትለኝ ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋት። አከራያችን ልልክለት ያነሳሁት ነበር። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች።

የነገረችኝን በራሴ አፍ ልንገራችሁ። ሻጋታ የሚራባው በዓይን በማይታይ ዘር ነው። ከአቧራ ይቀላል፣ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ እንተነፍሰዋለን። ዘሩ የትም አለ፤ የትኛውም ቤት ውስጥ አለ። ችግሩ ግድግዳ ላይ ሲበቅልና ሲበዛ ነው። ጤነኛ አዋቂ ቢያስነጥሰው፣ ዓይኑን ቢያሳክከው፣ አፍንጫው ቢደፈን ነው። አስም ያለበት ሰው ግን የአየር ቧንቧው ይቆጣና ይጠባል። ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉና በሌላ ምክንያት የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች የበለጠ መጠንቀቅ አለባቸው። አንድ ያልጠበቅኩት ነገርም ነገረችኝ። ድሮ ቲቢ ታሞ የዳነ፣ ግን ሳንባው ላይ ቀዳዳ የቀረበት ሰው አለ። አስፐርጂለስ የሚባለው የሻጋታ ዓይነት እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ሊያድግ ይችላል። ይኼን ስትለኝ ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን አባባ አሰብኩ። ቤታቸው እንደኛው ነው።

«ጥቁር ስለሆነ መርዘኛው ነው?» ብዬም ጠይቄአታለሁ፤ ፌስቡክ ላይ አስፈራርተውኝ ነበር። በቀለሙ አይታወቅም አለችኝ። ጥቁር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ነጩም ንጹሕ አይደለም። ዓይነቱን ለማወቅ ገንዘብ አታባክኚ፣ የትኛውም ይሁን ይጽዳ፣ እርጥበቱም ይቁም አለችኝ። በኋላ ሳነብ የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ያወጣው መመሪያም መንፈሱ ይኸው ነው። እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለሳል፣ ለትንፋሽ ችግርና ለአስም የበለጠ የተጋለጡ ናቸው፤ መፍትሔውም እርጥበቱን ከምንጩ ማስቆም ነው ይላል።

ለልጁ ኢንሄለር፣ በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት፣ ታዘዘለት። እናቴ «ሱስ ያስይዘዋል» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። አያስይዝም። አሁን የሚያስነፋው እሷ ናት።

እንግዲህ ከሐኪም ቤት የወጣች እናት የምታደርገውን አደረግሁ። ቀላሉን መንገድ ፈለግሁ። ቴሌግራም ገባሁ። ሻጩ 7,500 አለኝ። «ወንድሜ ትንሽ ቀንስ» አልኩት፤ ሦስት መቶ ቀነሰ። «እህቴ፣ ለአንቺ ደግሞ ምርቃት አለሽ» አለኝ። በማግሥቱ በሞተር መጣ። ምርቃቱ የክብሪት ቀፎ የምታህል የእርጥበት መለኪያ ናት። ቁጥር ብቻ ታሳያለች፤ ከላይ ሙቀት፣ ከታች እርጥበት በፐርሰንት። ወደ ጎን ወርውሬ ማሽኗን ሰካሁ።

ማሽኗ ድምፅ የላትም፤ ከልጁ አልጋ አጠገብ ብትሰካ አትረብሽም። ሰማያዊ መብራቷ ግን አይጠፋም። ማታ ክፍሉን የምሽት ክበብ ታስመስለዋለች። ፕላስተር ለጠፍኩበት። ውሃ ማጠራቀሚያዋ አንድ ሊትር ይይዛል፤ ሲሞላ ራሷ ትቆማለች ይላሉ። ልብ በሉ፣ «ይላሉ» ነው ያልኩት። አንድ ቀን ሞልቶ አይቼው አላውቅም።

ስንት እንደምታጠራቅም ማወቅ ፈለግሁ። የልጁ አሮጌ ጡጦ ጎኑ ላይ ሚሊ ሊትር ስላለው መለኪያ አደረግሁት። የመጀመሪያው ቀን፣ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ተሰክታ፣ 90 ሚሊ። ሁለተኛው ቀን 70። ሦስተኛው ቀን መብራት ሄደ፤ 40። እዚህ ላይ ትልቅ ጉድለት አለባት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሷ አትነሳም። ሄዳችሁ ቁልፏን መጫን አለባችሁ። ጀሞ ውስጥ ይኼ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሥራ ውዬ ስገባ ስንት ቀን ጠፍታ አገኘኋት መሰላችሁ። በስምንት ቀን ውስጥ ትልቁ ቁጥር 110 ሚሊ ነበር። ሁለት ስኒ ቡና በሉት።

ማስታወቂያው ግን «በቀን 400 ሚሊ» ነበር የሚለው። ካርቶኑን ገለበጥኩት። ታች ላይ በደቂቅ ፊደል፣ ቁጥሩ የተለካው በ30 ዲግሪ ሙቀትና በ80 ፐርሰንት እርጥበት ነው ይላል። የኛ መኝታ ቤት ነሐሴ ውስጥ 17፣ 18 ዲግሪ ነው። ሠላሳ ዲግሪ ያለበት ቤት ክረምት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ካለ ንገሩኝና እዚያ ልከራይ።

አሠራሯን ካወቃችሁ ነገሩ አያስገርምም። እንደ ፍሪጅ ኮምፕረሰር የላትም። ውስጧ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት አንዱ ፊቱ የሚቀዘቅዝ፣ ሌላው ፊቱ የሚሞቅ ትንሽ ሳህን አለ። ዘዴው ፔልቲየር ይባላል፤ በ1834 እ.ኤ.አ. ነገሩን ባስተዋለው ፈረንሳዊ ስም ነው። አየሩ ቀዝቃዛው ፊት ላይ ሲነካ ይጤዛል፣ ይንጠባጠባል። ከፍሪጅ የወጣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ላብ እንደሚያወጣው ማለት ነው። ክፍሉ ራሱ ቀዝቃዛ ሲሆን ግን አየሩ የሚይዘው ውሃ ትንሽ ነው፤ ማሽኗም ትንሽ ነው የምታገኘው። ትልልቆቹ ባለ ኮምፕረሰር ማሽኖች ሌላ ነገር ናቸው። ዋጋቸውም ሌላ ነገር ነው፤ ጠይቄ ስልኩን ዘጋሁት።

አንድ ሂሳብ ላሳያችሁ። አንድ አዋቂ ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሹና በቆዳው ከ200 ሚሊ በላይ ውሃ ወደ ክፍሉ ይለቃል። እዚያ መኝታ ቤት የምንተኛው እኔና ልጄ ነን፤ ባለቤቴ ሲመጣ ሦስት። ማሽኗ ቀንና ሌሊት ሠርታ የኔን የአንድ ሌሊት ትንፋሽ እንኳ አትጨርስም። ይኼ የገባኝ ቀን ሳቄም መጣ፣ ንዴቴም መጣ። በአካፋ ባሕር መጭለፍ ነው።

ምርቃቷን ያነሳኋት ያኔ ነው።

መጀመሪያ እውነት ትናገር እንደሆነ ፈተንኳት። ዘዴው ቀላል ነው። በጠርሙስ ክዳን የገበታ ጨው ታደርጋላችሁ። ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ውሃ ትጨምሩበታላችሁ፤ እንዳይሟሟ። ክዳኑንና መለኪያዋን በአንድ አየር የማያስገባ ላስቲክ ውስጥ ዘግታችሁ ግማሽ ቀን ታቆዩታላችሁ። የእርጥብ ጨው አየር ሁሌም 75 ፐርሰንት አካባቢ ነው። የኔዋ 72 አለች። እንግዲህ ሦስት እየደመርኩ ማንበብ ነው። ለነፃ ዕቃ ጥሩ ናት።

ከዚያ በኋላ ቤቴን እንደ አዲስ ተዋወቅኩት። ቤት ውስጥ ከ40 እስከ 60 ፐርሰንት ቢሆን ይመረጣል። ለረጅም ጊዜ ከ70 በላይ ከሆነ ሻጋታ ይመቸዋል። ጠዋት ስንነሳ፣ በርና መስኮት ተዘግቶ አድሮ፣ 79 ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ሳሎን ድረስ 84 ደረሰች። ምጣዱ ወጥ ቤት ነው ያለው፤ ግን የወጥ ቤቱ በር ክፍት ነበር። ሽሮ ክዳን ሳይከደን ሲንተከተክ ትወጣለች። ሻወር ተወስዶ በሩ ሲከፈት ትዘላለች። ቁጥሩን ካላየ ሰው ይኼን ሁሉ አያስተውልም፤ እኔም አላስተዋልኩም ነበር።

የባሰው ልብስ ነው። ክረምት ስለሆነ፣ ውጪ ስለማይደርቅ፣ ልብስ የምናሰጣው እዚያው መኝታ ቤት ውስጥ ገመድ ወጥረን ነበር። አንድ ቅዳሜ ታጥቦ የተጨመቀውን ልብስ በሳፋ አድርጌ የሰው ሚዛን ላይ ወጣሁ። ማግሥቱን ደርቆ እንደገና መዘንኩት። ልዩነቱ ሁለት ኪሎ ተኩል ነው። ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ ማለት ነው። የት ሄደ? ግድግዳው ውስጥ፣ ፍራሹ ውስጥ፣ የልጄ ትራስ ውስጥ። ማሽኗ ያንን ውሃ ለመምጠጥ ከሦስት ሳምንት በላይ ያስፈልጋታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ገመዱ ሻወር ቤት ነው ያለው፤ በሩ ተዘግቶ፣ መስኮቷ ተከፍታ። ብዙ ሰው እንግዳ ሲመጣበት ያፍራል፣ እኔ አላፍርም።

አሁን የማይታመነውን ልንገራችሁ። ጠዋት ጠዋት መስኮት እከፍታለሁ። እየዘነበም ቢሆን። እናቴ «ልጁን በብርድ ልትጨርሺው ነው?» አለች። «ውጪው እርጥብ ነው፣ ምን ያደርቅልሻል?» እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ቀዝቃዛ አየር የሚሸከመው ውሃ ትንሽ ነው። በክረምት ማለዳ ውጪው 11 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 90 ፐርሰንት ቢሆን፣ ያ አየር ቤት ገብቶ 18 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 57 ፐርሰንት ይወርዳል። ውሃው አልጨመረም፤ የአየሩ የመሸከም አቅም ነው የሰፋው። ሁለት መስኮት ፊት ለፊት ከፍቼ፣ ልጁን ሳሎን አስቀምጬ፣ ሃያ ደቂቃ እጠብቃለሁ። 79 የነበረው 66 ይሆናል። ማሽኗ በሳምንት ከ79 ወደ 77 ነበር ያወረደችው። መስኮት ደግሞ መብራት አይፈልግም።

ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ግን በዚህ ብቻ አልተፈታም። ግድግዳው ከውጪ ውሃ እየሳበ ነው ወይስ የቤቱ አየር ነው የሚጤዝበት? አንድ ሙያተኛ ሰው የነገረኝን አደረግሁ። የምግብ ፎይል በእጅ መዳፍ ስፋት ቆርጬ ግድግዳው ላይ በፕላስተር አራቱንም ጎን አሽጌ ለጠፍኩ። ሁለት ቀን ቆየ። ጠብታው በኛ በኩል፣ በፎይሉ ፊት ላይ ከሆነ የቤት አየር ነው። ከሥሩ፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ውሃው ከግድግዳው ነው የሚመጣው። የቁም ሳጥኑ ጀርባ ላይ ፊቱ ነው የረጠበው። ስለዚህ ያ የኛ ትንፋሽ፣ የኛ ልብስ፣ የኛ እንጀራ ነው። ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው፣ ሳጥኑ ተጣብቆበታል፣ አየር አይዞርም። ሳጥኑን አንድ ስንዝር ከግድግዳው አራቅነው። ክፍሉ ጠበበ፤ ይጥበብ።

ሌላው ጥግ፣ ከሻወር ቤት ጋር የሚዋሰነው፣ ፎይሉ ሥር ውሃ አቁሮ ተገኘ። ይኼኛው የላይኛው ቤት ቧንቧ ነው። ለዚህ ማሽንም፣ መስኮትም፣ ጸሎትም አይሠራም።

ለአከራያችን ደወልኩ። «ጋሼ፣ ግድግዳው ውሃ እየጠጣ ነው» አልኳቸው። «የኔ ልጅ፣ ለአዲስ ዓመት ቀለም አስቀባዋለሁ» አሉኝ። ሰውዬው ክፉ አይደሉም። ኪራይ ሲጨምሩ እንኳ አፍረው ነው የሚጨምሩት። ግን ቀለም የሚለው መልስ ሲሰማኝ ሰውነቴን ወረረኝ። ምክንያቱም እንግሊዝ፣ ሊድስ ያለችው እህቴ በዚያው ሳምንት ስለ አዋብ ኢሻቅ ነግራኛለች። ወላጆቹ ከጎረቤታችን ከሱዳን ሄደው እንግሊዝ ሮችዴል የሚባል ከተማ የተከራዩ ናቸው። ቤቱ ሻጋታ ነበረው፤ አባትየው ደጋግሞ አመለከተ። በመጀመሪያ ያገኘው መልስ «ቀለም ቀባበት» ነበር። ልጁ ታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የሞቱን ምክንያት የመረመረችው ባለሥልጣን፣ ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ በመጋለጡ በመጣ የመተንፈሻ አካል ችግር ነው የሞተው ብላ ወሰነች። በ2023 እ.ኤ.አ. በስሙ የሚጠራ ድንጋጌ በሕግ ገባ። የማኅበራዊ ቤት (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው በርካሽ የሚከራይ ቤት) አከራዮች የሻጋታ አቤቱታ ሲመጣላቸው በተወሰነ ቀን ውስጥ መርምረው እንዲጠግኑ ያስገድዳል። እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት ሕግ ይኑር አይኑር ብዬ አልተከራከርኩም። ጋሼን «ቀለሙ ይቆይ፣ መጀመሪያ ቧንቧው» አልኳቸው።

የላይኛው ቤት ሰዎችም ተከራዮች ናቸው። ቡና አፍልቼ ጠራኋቸው። ባዶ እጄን ሄጄ «ቧንቧችሁ» ብል ኖሮ እስከ ዛሬ ተኳርፈን ነበር። ሁለተኛው ስኒ ላይ ፎይሉን አሳየኋቸው። ሴትየዋ ራሷ ደነገጠች፤ የእሷም ልጅ ታስላለች። ሁለቱ አከራዮች በስልክ ተገናኙ፣ ተጨቃጨቁ፣ ግማሽ ግማሽ ከፈሉ። የቧንቧ ሠራተኛው ጥግ ላይ አንድ የላላ መጋጠሚያ አገኘ። ጥገናው ከማሽኗ ዋጋ ያነሰ ነው። ይኼን ስነግራችሁ እያመመኝ ነው።

ጽዳቱን የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ጽዳቱ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ትንሽ ልቆይበት። በደረቁ አትፈትጉት። መጥረጊያ ይዤ ስጀምር ሐኪሟ ያለችኝ ትዝ አለኝ፤ በደረቁ ሲፈተግ ዘሩ እንደ ዱቄት ይበናል። ልጁን ናዝሬት ሰደድኩት። በሩን ዘጋሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ኤን 95 ማስክና የጎማ ጓንት አደረግሁ። በሞቀ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ፤ ጨርቁን በፌስታል አስሬ ጣልኩ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አደረቅሁ። የኛ ወደ አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ነበር። ከዚያ በጣም የሚሰፋ ከሆነ፣ ወይም የፍሳሽ ውሃ ካለበት፣ በራሳችሁ ባትገቡበት ይሻላል። አስም ያለበት ሰው ደግሞ ጭራሽ አይንካው።

በረኪናስ? ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው በረኪና ነው። ጥቁሩን ያነጣዋል፤ ዓይን ይደሰታል። ግን ኖራና ልስን የመሰለ ውሃ የሚመጥ ነገር ውስጥ ጠልቆ ሥሩን አይደርስበትም። የሞተ ሻጋታም እዚያው ከቀረ አለርጂ ማስነሣቱን አይተውም። እንደ ሴራሚክ ባለ ለስላሳ ነገር ላይ፣ በውሃ አቅጥናችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ ብትጠቀሙ ይሁን። ከኮምጣጤ ጋር ግን በፍጹም አትቀላቅሉ። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም፣ አሞኒያ ካለበት ማጽጃም ጋር። መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የምታግዘን ልጅ «ሁለቱ ሲደባለቁ ይበረታሉ» ብላ ስትጀምር ደረስኩባት። ዓይኗ እያለቀሰ ነበር።

ዕጣንም ማጨስ ሽታውን ይሸፍናል እንጂ ሻጋታውን አይነካም፤ አስም ያለበት ልጅ ደግሞ ያስነሳበታል። ቤቱን ላድርቅ ብሎ የተቀጣጠለ ከሰል መኝታ ቤት ማስገባቱን ስለ እግዚአብሔር ተዉት። ያ ሻጋታ ሳይሆን ሞት ነው።

የቁም ሳጥኑ የጀርባ እንጨት አልዳነም። ቺፕውዱ አብጦ ነበር፤ ጣልነው። ሱፉ ላውንደሪ ሄዶ ተረፈ። ጫማዎቹ ፀሐይ ላይ ውለው ገቡ፤ ከአንዱ በስተቀር።

ማሽኗስ? ፍርዴን ልስጥ። ለክፍል፣ ዋጋ የላትም። ለጫማ ሳጥንና ለተዘጋ ቁም ሳጥን ግን ጥሩ ሆና አገኘኋት። አሁን የምትኖረው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከሱፉ ሥር ነው። በሩ ሲዘጋ የምታደርቀው አየር ትንሽ ስለሆነ ትችለዋለች። እዚያ ውስጥ በአምስት ቀን ከ76 ወደ 63 አወረደች፤ ሽታውም ጠፋ። የሙቀት መጠኑን ግን አትርሱ። አስማሚዋ (አዳፕተሯ) በጣም ስለሚሞቅ ከሳጥኑ ውጪ ነው ያደረግኩት፤ ልብስ አላስጠጋም። ለዚህ አገልግሎት 7,200 ብር ብዙ ነው። ግማሹ ቢሆን አልከራከርም ነበር። ከአምስት ኮከብ ሁለት እሰጣታለሁ። አንዱ ስለማትጮህ ነው።

ሻጩን አልወቅሰውም ማለት ይከብደኛል። «በቀን 400» የሚለውን ጽሑፍ እንዲያስተካክል ጡጦውን ፎቶ አንስቼ ልኬለት ነበር። አይቶ ዝም አለ። ግን ስልክ ያነሳል፣ ሲጠራ ይመጣል። በሁለተኛው ሳምንት ማራገቢያዋ ስትቆም ያለ ንትርክ በአዲስ ቀይሮልኛል።

ልጄ ከመስከረም ወዲህ ሌሊት ሙሉ ይተኛል። ኢንሄለሩን አላቆመም፤ ሐኪሟ ናት የምታቆመው።

ሦስተኛ ፎቅ ላሉት አባባ አንዲት መለኪያ ልገዛላቸው ሻጩ ጋ ደወልኩ። መለኪያዋን ብቻ ነው የምፈልገው አልኩት። «እህቴ፣ እሷማ ምርቃት ናት፣ ለብቻዋ አትሸጥም» አለኝ። እየሳቅኩ ዘጋሁት። በሳምንቱ ቻናሉ ላይ አየኋት። ትልቅ ፎቶ፣ ቀይ ቀስት፣ «አዲስ ገብቷል»፣ 1,400 ብር። ሁለት አዘዝኩ፤ መቶ ብር ቀነሰልኝ፣ ምርቃት ግን የለም አለኝ።